የገና ገበያ መጀመር ያለበት ኅዳር ላይ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የገናን ገበያ ዋጋ በየዓመቱ የምታስነብቡን በዓሉ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። የዶሮው፣ የበጉ፣ የቅቤውና የሽንኩርቱ ዋጋ ይዘረዘራል፤ ሸማቹ ተወደደ ይላል፣ ነጋዴው አቅርቦቱ አነሰ ይላል። ዘገባው ትክክል ነው፤ ለአንባቢው የሚጠቅምበት ጊዜ ግን አልፏል። በዋዜማው ያነበበ ሰው የተጠየቀውን ከመክፈል በቀር ምርጫ የለውም። ዘገባችሁ ጾሙ በሚገባበት ኅዳር 15 ቀን ቢጀምርና በየሳምንቱ ቢቀጥል ብዙ ቤት ይታደጋል። ይህን የምለው በጎጃም ለገና የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ባለው ጊዜ በጥራትም በዋጋም የተሻለ ሆኖ ስለሚገኝ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን አይገዛም፤ እያንዳንዱ የየራሱ ጊዜ አለው።

በቅድሚያ ቀኑን እናስተካክል። ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ተከታዩ ዓመት አንድ ቀን ዘግይቶ ይገባል፤ በዓሉም በቀን ቁጥር አንድ ወደ ኋላ ይላል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ ደግሞ የሚመጣው በ2020 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን የታኅሣሥ ቀኖች ሁሉ በአንድ ቀን ቀድሞ መያዝ ነው።

ከጾሙ መግቢያ እስከ ዋዜማው ድረስ ስድስት ሳምንት አለ። እኛ ዘንድ ገበያ ሳምንታዊ ስለሆነ ይህ ማለት ስድስት ዋና ገበያ ማለት ነው። ዝግጅት በቀን ሳይሆን በገበያ ሲቆጠር ነገሩ ይቀላል፤ «ገና አንድ ወር አለ» ያለ ሰው አራት ገበያ ብቻ እንደቀረው አይታየውም። ዋናው ጥፋት ሁሉም ሰው ስድስተኛውን ገበያ መጠበቁ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው የታኅሣሥ ደመወዙን ይጠብቃል፣ ገበሬው ጤፉን ወቅቶ እስኪሸጥ ይጠብቃል፣ ነጋዴው ሁለቱን ይጠብቃል። ሦስቱ በአንድ ቀን ሲገናኙ ዋጋው ይሰቀላል። በዚያ ላይ መንገድ ከተዘጋ ወይም መኪና ከጠፋ ያ አንድ ገበያ ጭራሽ ሊታጣ ይችላል። የኅዳር ደመወዝ ሲወጣ ለበዓሉ የሚሆነውን ከፍሎ ማስቀረት፣ ዕቁብ ያለውም ዕጣው ኅዳር ላይ እንዲደርሰው አስቀድሞ ከአባላቱ ጋር መነጋገር ይገባል።

በመጀመሪያው ገበያ የሚገዛው ቅቤ ነው። ጾሙ ሲገባ ቅቤ የሚበላ ይቀንሳል፤ ላሟ ግን አትጾምም፣ ወተቱ እየተናጠ ቅቤው ይከማቻል። ፈላጊው ባነሰበት፣ የሚሸጠው በበዛበት በኅዳር የተገዛ ቅቤ ከታኅሣሥ መጨረሻው በዋጋም በንጽሕናም ይሻላል። በዓል ሲቃረብ የሚበዛው ድብልቁ ነው፤ ሙዝ፣ የሚረጋ የፓልም ዘይት፣ ሌላም የሚገባበት አለ። ለመለየት አንድ ማንኪያ በትንሽ ብረት ድስት ማቅለጥ ይበቃል። ንጹሕ ቅቤ ሲቀልጥ ጥርት ያለ ቢጫ ዘይት ይሆናል፣ ከሥሩ ስስ አተላ ይቀራል። ወፍራም ዝቃጭ ከቀረ ወይም ሲበርድ አንዱ ክፍል ቶሎ ረግቶ ሌላው ፈሳሽ ሆኖ ከቆየ አይገዛም። አንድ ኪሎ ጥሬ ቅቤ ሲነጠር ውኃውና አተላው ወጥቶ ስምንት መቶ ግራም ገደማ ይቀራል፤ ሂሳቡ ከዚያ ይነሳ። ሲነጠር እሳቱ ለስላሳ ይሁን፤ አረፋው ካለቀና የመንጣጣቱ ድምፅ ከጠፋ በኋላ ነው ውኃው አለቀ የሚባለው። ድምፁ ሳይጠፋ የወረደ ቅቤ ውስጡ ውኃ ስላለ በሁለት ሳምንት ይሸታል። በደንብ የተነጠረው ግን በደረቅ ዕቃ ተከድኖ ከገና አልፎ ለፋሲካም ይደርሳል። ኮረሪማው፣ አብሹና ኮሰረቱ መሐል ላይ ይግቡ፤ መጀመሪያ ከገቡ ያርራሉ፣ ቅቤውም ይመራል።

ከቅቤው ቀጥሎ በርበሬ ነው። የቡሬ፣ የወንበርማና የጃቢ ጠህናን ዛላ በርበሬ በዚህ ወቅት ወደ ገበያ ይገባል። መግዛት የሚያስፈልገው ዛላ ሆኖ ነው፤ የተፈጨ በርበሬ ውስጥ ምን እንደገባ ዓይን አይለይም። ዛላው ሲወዛወዝ ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል፣ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እንደ ቆዳ ከታጠፈ እርጥበት አለው፤ ክብደቱ እንዲጨምር ውኃ የተረጨበትም ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበኝ የክብደቱ ኪሳራ ብቻ አይደለም። እርጥብ ሆኖ በጆንያ የከረመ በርበሬ ውስጡ ይሻግታል፤ ከሻጋታው የሚወጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ ወጥ ውስጥ ቢፈላም አይጠፋም። ስለዚህ ዛላው ተቀዶ ይታይ። ውስጡ ግራጫ ወይም ጥቁር ዱቄት ያለበት ይጣላል፤ ታጥቦ ወይም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አይድንም። የቀረው ከተቀነጠሰ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይመታዋል። ከዚያ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላውና ከጤና አዳሙ ጋር ይደለዛል፤ እንደገና ይደርቃል፤ ከኮረሪማው፣ ከአዝሙዱና ከጨው ጋር ይፈጫል። ይህ ሁሉ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። በታኅሣሥ 20 ዛላ የገዛ ሰው ይህን ሁሉ መድረስ ስለማይችል ወይ ሳይደርቅ ያስፈጫል፣ ወይ የተፈጨ ይገዛል።

የዓደይ አበባ ማር ከጥቅምት ጀምሮ ስለሚቆረጥ ጠጅ የሚጥል ቤት ማሩን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ገበያዎች ይገዛል። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ፣ ጌሾው እንጨቱ ብቻ፣ ጋኑ የታጠነ። ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ የወጣ ጠጅ ብርዝ ነው።

ጠላው ግን ሰፋ አድርጎ መናገርን ይፈልጋል፤ ብዙው ቤት ቀኑን የሚስተው እዚህ ነው። ስሕተቱ ከብቅሉ ይጀምራል። በጥቅምትና በኅዳር የታጨደ አዲስ ገብስ ለብቅል አይሆንም። ገብስ ከታጨደ በኋላ የተወሰነ ወር እስኪያርፍ ድረስ ቢነከርም ወጥ ሆኖ አይበቅልም፤ ግማሹ ይወጣል፣ ግማሹ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፣ ያልበቀለው ደግሞ ይሸታል። የከረመ ገብስ ያለው ጎረቤት ዘንድ ሄዶ በአዲስ መለወጥ ነው። ገብሱ አንድ ቀን ከሌሊቱ ይነከራል፤ በቅጠል ተጠቅልሎ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል፤ ቡቃያው የፍሬውን ያህል ሲረዝም ወጥቶ ይሰጣል። የኅዳር ፀሐይ ለማድረቅ ጥሩ ናት፤ ሌሊቱ ግን ጤዛና ውርጭ ስላለው ማታ ማታ ወደ ቤት መግባት አለበት። ውጭ ያደረ ብቅል ይሻግታል፣ ጠላውም ራስ ያሳምማል። ብቅሉ ኅዳር ሳያልቅ ደርቆ መቀመጥ ይገባዋል።

ሃምሳ ሊትር ገደማ ጠላ ለማውጣት ለቂጣና ለደረቆት አሥር ኪሎ እህል፣ ብቅል ሁለት ኪሎ፣ ጌሾ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ኪሎ ይበቃል። በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ጥንስሱ በታኅሣሥ 10 ይጣላል። የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል ከጥቂት ብቅል ጋር በውኃ ይነከርና አራት ቀን ይቆያል። በ14 ቂጣው ተጋግሮ ተቆራርሶ፣ ከቀረው ብቅልና ከጌሾው እንጨት ጋር ይገባል። ቂጣው ፈጽሞ መብረድ አለበት፤ በትኩሱ ከገባ ጥንስሱ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ቢጠብቁት አይነሣም። በ17 ደረቆቱ ገብቶ ይደፈደፋል። ድፍድፉ ስምንት ቀን ያህል አፉ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ በ25 ውኃ ይሞላና ይታተማል፤ በ28 ይጠለላል።

ይህ የደጋው አቆጣጠር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፤ በጮቄ ሥር ያሉት ቀበሌዎች ከዚያም ይበርዳሉ። በባሕር ዳር ሙቀት ያው ድፍድፍ በአምስት ስድስት ቀን ይደርሳል። ስለዚህ ባሕር ዳር ያለው ጥንስሱን በ13 ወይም በ14 ቢጥል ነው የሚሻለው። ከደብረ ማርቆስ የመጣ ዘመድ በነገረው ቀን ባሕር ዳር ላይ የጠነሰሰ ሰው ለገና ኮምጣጤ ይቀዳል፤ በባሕር ዳሩ ቀን ጮቄ ሥር የጠነሰሰ ደግሞ ያልፈላ ቅራሪ ያቀርባል። በብርድ ቦታ ጋኑን ከምድጃው ጎን ማድረግና በጆንያ ወይም በገለባ መክበብ ይረዳል። ጋኑ በግራዋ ይታጠብ፣ በወይራ ይታጠን፤ በሳሙና የታጠበ ጋን ሽታውን ይይዛል። ውኃ ከተሞላ በኋላ የሚታተመው ነፋስ እንዳይገባው ነው፤ ነፋስ ያገኘው ጠላ ይሆመጥጣል። ለመቅመስ እያሉ በየቀኑ የሚከፍቱት ጋን የሚበላሸውም ለዚሁ ነው፤ ደግሞስ በ28 ይጠለላል ከተባለ በ26 መክፈት ለምን ያስፈልጋል?

ጤፍ የከረመ ቢሆን ይመረጣል። አዲሱ ከአውድማ በቀጥታ ስለሚመጣ አፈርና ጠጠር ይበዛበታል፤ የሚገዛ ካለ ሳይነፋና ሳይለቀም ወደ ወፍጮ እንዳይወስድ። ወፍጮ ቤት ከታኅሣሥ 20 በፊት መሄድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰልፉ አለ፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። የእንጀራው ሊጥ በደጋ ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ በ27 የሚጋገር በ24 ይቡካ። በቆላውና በባሕር ዳር ሁለት ቀን ይበቃዋል።

ስለ ገበሬው አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በታኅሣሥ መጨረሻ ለበዓል ሲባል የሚሸጠው ጤፍ በዓመቱ ርካሽ ከሚባለው ዋጋ ጋር ይገናኛል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወቅቶ በአንድ ጊዜ ያወጣልና። ያንኑ ጤፍ ሐምሌ ላይ መልሶ የሚገዛ ቤት ጥቂት አይደለም። ለበዓሉ ወጪ ከጤፉ በፊት መሸጥ ያለባቸው የወቅቱ ነገሮች አሉ፤ ማር፣ ዛላ በርበሬ፣ ዕንቁላል፣ ዶሮ፣ የደለበ በግ። እነዚህ ለበዓል ሲባል ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ ጤፍ ግን በዚያው ሳምንት ይወርዳል። የግብርና ባለሙያዎች ይህን ደጋግመው ቢናገሩት ደስ ይለኛል።

በጉን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። የሚያደልብ ሰው ከመስቀል ማግሥት መጀመር አለበት፤ ከመስቀል እስከ ገና 100 ቀን ገደማ ነው፣ ለማድለብ የሚበቃውም ይኸው ነው። የእኛ የዋሸራ በግ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ቁመናው ትልቅ፣ ላቱ አጭርና ወፍራም፣ ጠጉሩ ለስላሳና አብዛኛው ቡናማ። በመጀመሪያ የትል መድኃኒት ይሰጠው፤ በተለይ ክረምቱን በረግረግ ሣር ላይ የከረመ በግ የጉበት ትል ይዞ ስለሚመጣ የቱንም ያህል ቢበላ አይሰባም። የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካው በአንድ ጊዜ አይሰጥም። በእፍኝ ተጀምሮ በአሥር ቀን ውስጥ በቀን ወደ 300 ወይም 400 ግራም ይደርሳል፤ ድርቆሽና ውኃ ከፊቱ አይጥፋ። ይሰባል ብሎ በመጀመሪያው ቀን ሰፌድ ሙሉ እህል የሰጠ ሰው ሆዱ የተነፋ በግ ያገኛል፤ ሊሞትም ይችላል። መድኃኒት የወሰደ በግ ሐኪሙ የነገረው የመታቀቢያ ቀን ሳያልፍ መታረድ የለበትም፤ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ይቆያልና። ቀኑን ሲገዙ ጠይቆ መጻፍ ነው።

ለመግዛት የሚወጣ ደግሞ አራተኛው ወይም አምስተኛው ገበያ ይሻለዋል፤ ግቢና ድርቆሽ ካለው ብቻ። ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን በግ በቀን አንድ ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ይበላል፤ ሁለት ሳምንት ለማቆየት 14 ኪሎ ያስፈልጋል። የመኖው ዋጋ ከሚጠበቀው የበዓል ጭማሪ ካነሰ ቀድሞ መግዛት ያዋጣል፤ በከተማ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ግን አያዋጣም፣ በጉም ይከሳል። ሲገዛ ሆድን ማየት ያታልላል። ጨው ተልሶ ውኃ የጠጣ በግ ሆዱ ይቆዘራል፣ በማግሥቱ ይሟሽሻል። የሚዳበሰው ወገብና ላት ነው። እጅ በአከርካሪው ላይ ሲያልፍ አጥንቱ እንደ መጋዝ ከቆረቆረ ሥጋ የለውም፤ በግራና በቀኝ ያለው ሥጋ አጥንቱን ሸፍኖ ጣት ከቸገረው ያ በግ ይገዛል። ከዚያ ጥርሱ ይታይ። አፍንጫው የሚፈስ፣ የሚያስል፣ ከኋላው የተበላሸ በግ በምንም ዋጋ አይገዛ።

ቅርጫ የሚገባ ማኅበር አባላቱን ኅዳር ላይ ይመዝግብ፣ ገንዘቡንም በሁለት ጊዜ ይሰብስብ። በሬው ከሚታረድበት ቀን ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ መድረስና ማረፍ አለበት። ከሩቅ ገበያ በእግሩ ተነድቶ ሳያርፍ የታረደ በሬ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል፤ ይህም የሚሆነው ጉልበቱ በመንገድ ስላለቀ ነው። ውኃ እየጠጣ ይደር፤ ከመታረዱ በፊት ባለው ሌሊት ግን መኖ አይሰጠው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጉበቱንና ሥጋውን እንዲያይ አስቀድሞ በቀበሌው ማስመዝገብ ይገባል። ጥሬ ሥጋ የሚበላበት አገር ላይ ኮሶ የሚመጣው ካልታየ ሥጋ ነው።

አሁን ወደ ዶሮው ልምጣ፤ በጣም የምቆረቆርለት ጉዳይ ይህ ነው። በበዓል ሰሞን ከየቀበሌው የመጡ ዶሮዎች በአንድ ገበያ፣ በአንድ ቅርጫት፣ በአንድ ገመድ ይገናኛሉ። ፈንግል የሚተላለፈው በዚህ ጊዜ ነው። ዛሬ ጤነኛ መስላ የተገዛች ዶሮ በሽታውን ይዛ ልትሆን ትችላለች፤ ምልክቱ ከሁለት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ያቺን ዶሮ ከቤት ዶሮዎች ጋር የቀላቀለ ሰው ለአንድ ወጥ ሲል ቆጡን ሙሉ ያጣል። ያልተሸጠችን ዶሮ ከገበያ መልሶ ወደ ቤት ማስገባትም እኩል አደገኛ ነው። ስለዚህ የተገዛች ዶሮ ለብቻዋ ትታሰር፣ ውኃዋና ጥሬዋ ለብቻ ይሁን፤ ላባውና አንጀቱ ሲጣል ይቀበር፣ የቤት ዶሮ እንዳይለቅመው። የቤት ዶሮዎች ጤነኛ ሳሉ በኅዳር ይከተቡ፤ ክትባቱ ኃይል እስኪያገኝ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፣ የታመመችውን ግን አያድንም። አንድ የክትባት ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ጎረቤት ተሰባስቦ ባለሙያ ቢጠራ ወጪው ትንሽ ነው።

ዕንቁላል አምስተኛው ገበያ ላይ ይገዛል፤ በጾሙ ምክንያት እስከዚያ ርካሽ ነው። ደግሞም የአንድ ሳምንት ዕንቁላል ሲቀቀል በቀላሉ ይላጣል፤ ያንኑ ቀን የተጣለ ዕንቁላል ግን ነጩ ከልጣጩ ጋር ተያይዞ ይቦጫጨቃል። በውኃ ሲፈተሽ በጎኑ የተኛው ትኩስ ነው፣ የቆመው የቆየ ነው ግን ይበላል፣ የተንሳፈፈው ይጣላል። ሽንኩርት አንገቱ የደረቀ ተመርጦ በአራተኛው ገበያ ተገዝቶ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይነጠፋል፤ ላስቲክ ውስጥ የታሰረ ሽንኩርት ይበቅላል፣ ይበሰብሳል።

ለአንድ ዶሮ ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ሩብ ኪሎ በርበሬ፣ 300 ግራም ንጥር ቅቤ፣ 12 ዕንቁላል። ወጡ የሚሠራው በ28 በገሃዱ ነው፤ ቤተሰቡ ለቅዳሴ ሲሄድ ሴቶቹ ከምድጃው አጠገብ ይቀራሉ፣ በጾም ስለሆነም ወጡን የሚቀምስ የለም። የሚበላሸው ጨው ላይ ነው። ለዚህ መጠን ሁለት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ጨው ይበቃል፤ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ከገባበት ግን ከዚያ ይቀነሳል። ማታ ግማሹ ብቻ ይግባ፤ የቀረው ከቅዳሴ መልስ ተቀምሶ ይጨመራል። የጎደለ ጨው ይታረማል፣ የበዛውን መመለስ ግን ከባድ ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በለስላሳ እሳት ውኃውን እስኪጨርስ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በርበሬው ከገባ በኋላ ጠብ ጠብ እያለ ውኃ እየተጨመረ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቁላላ። በርበሬው ሳይበስል ሥጋው የገባበት ወጥ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ኮረሪማም ቅቤም አይደብቀውም። የሀበሻ ዶሮ ከሰዓት በላይ ሲፈልግ የፈረንጅ ዶሮ በ40 ደቂቃ ይበስላል፤ ሁለቱን በአንድ ድስት የሚሠራ ሰው የፈረንጁን ዘግይቶ ያስገባ። ይህ ሁሉ ሲደመር ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ሽንኩርቱ በቀትር ይጣድ። ማታ ከተጣደ ሴቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ይቆማሉ፣ ቅዳሴውም ያመልጣቸዋል። መክተፉን ወንዶቹና ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ ቢይዙት የቤቱ እናት የልደትን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ትደርሳለች።

ለድፎ ዳቦው ሦስት ኪሎ ዱቄት በሁለት ሊትር ለብ ያለ ውኃ ይቡካ፤ በደጋው ብርድ ሌሊቱን ይደር። ቅጠሉን በ28 ጠዋት መቁረጥ ይሻላል፤ ቀድሞ የተቆረጠ ቅጠል ይሰነጠቅና ሊጡን ያፈሳል። ልብስ ለሚያሰፋ ታኅሣሥ 10 የመጨረሻው ቀን ይሁን፤ ለሸማኔ ደግሞ ከጾሙ መግቢያ በፊት መስጠት ነው። ለልጆቹ የገና ዱላ ኅዳር ላይ ይቆረጥ፤ እርጥቡ በእሳት ተለብልቦ ቆልመም ይደረግና ጥላ ውስጥ ይድረቅ። በዋዜማው የተቆረጠ ዱላ ሩሩን ሲመታ ይቀጠፋል።

ሰው ሁሉ ቀድሞ ይግዛ ማለቴ አይደለም፤ የማይችል አለ። የቀን ሠራተኛው፣ ጉልት የምትቸረችረው እናት፣ የቤት ኪራይ ከፍሎ እጁ ባዶ የሚቀረው ሰው ገንዘብ የሚያገኘው በዚያው በመጨረሻው ሳምንት ነው። የመጨረሻው ገበያ የእነርሱ ነው። እኛ ኅዳር ላይ መግዛት የምንችለው ሁሉ እዚያ ገበያ ገብተን ስንጋፋቸው ዋጋውን በእነርሱ ላይ እንሰቅላለን። ቀድሞ መግዛት ሲባል ግን ለቤት የሚበቃውን ነው፤ በጾሙ መግቢያ አሥር ኪሎ ቅቤ ገዝቶ በዋዜማ የሚሸጥ ሰው ያንኑ ጉዳት በሌላ በር ያመጣል።

ለጥምቀትም ከወዲሁ ይታሰብ። ከገና እስከ ጥር 11 አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ከበዓሉ የተረፈ ሥጋ በማግሥቱ በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ፣ ጢስና ነፋስ በሚያገኝበት ይሰቀል፤ በጥር ደረቅ አየር በአምስት ስድስት ቀን ቋንጣ ይሆናል። ወፍራም ከተዘለዘለ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይሸታል። ከጠላው ድፍድፍ ሩቡ ውኃ ሳይሞላበት ቢቀመጥ ለከተራ ይደርሳል።

እናንተን የምጠይቀው በጾሙ መግቢያ የሚወጣው ዕትማችሁ ላይ የደብረ ማርቆስ፣ የቡሬ፣ የፍኖተ ሰላም፣ የዳንግላ፣ የሞጣ፣ የቢቸናና የባሕር ዳር ገበያ የቅቤ፣ የዛላ በርበሬ፣ የማር፣ የበግና የዕንቁላል ዋጋ ጎን ለጎን እንዲሰፍር፣ ይህም እስከ ዋዜማው በየሳምንቱ እንዲቀጥል ነው። ከክትባቱ ቀንና ቦታ ጋር ቢሆን ደግሞ እጅግ ይጠቅማል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ
ደብረ ማርቆስ